ስልኬ «ኤክስ ክላስ» ብሎ ጮኸ፣ ሰማዩ ግን ጨለማ ነው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ከልጆቼ ጋር አውሮራ (በሰሜን በኩል ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን) ማሳደድ ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ ፀሐይ ላይ ፍንዳታ በተነሳ ቁጥር ይነግረኛል። ባለፈው «ኤክስ ክላስ» ሲለኝ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አንድ ሰዓት ተኩል ነዳሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ጠበቅን፣ ምንም የለም። ኤክስ ትልቁ አይደለም እንዴ? የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አይዞዎት። አውሮራ የሚያሳድድ ሰው እንዲህ ብርድ ጠጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ሌሊት አያጣም፣ እኔም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍንዳታውና አውሮራው አንድ አይደሉም። ሶላር ፍሌር የምንለው ጨረር ነው፣ በተለይ ኤክስሬይ። በብርሃን ፍጥነት ስለሚመጣ ከፀሐይ ተነስቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል፣ ስለዚህ አፑ ሲጮህልዎ ጨረሩ ደርሷል። አውሮራ የሚያመጣው ሌላ ነው፦ አንዳንዴ ከፍንዳታው ጋር አብሮ የሚወረወር፣ የራሱን የማግኔት ኃይል ይዞ የሚጓዝ ግዙፍ የጋለ ጋዝ ደመና። አሳዳጆቹ ሲኤምኢ ይሉታል። እጅግ የፈጠነው ከ15 እስከ 18 ሰዓት ይፈጅበታል፣ አብዛኛው ግን ሁለት ሦስት ቀን። ፍንዳታው በተሰማበት ሌሊት መውጣት እንግዳው ገና ከአገሩ ሳይነሳ በር ላይ ቆሞ እንደ መጠበቅ ነው። ደግሞም ፍንዳታ ኖሮ ደመናው ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

ኤክስ ትልቁ መሆኑ እውነት ነው። ደረጃዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤክስ ናቸው፣ እያንዳንዱም ከበፊቱ 10 እጥፍ ይበረታል። ግን ትልቅ ፊደል ሁሌ ትልቅ አውሮራ አያመጣም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2024 ኤክስ 9.0 ፍንዳታ ተነሳ፣ በአሁኑ የፀሐይ ዑደት (ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንዴ የምትበረታበትና የምትረጋጋበት ዙር) እስከዚያ ቀን ከታዩት ሁሉ ትልቁ። ስንቱ ሰው ካሜራውን አዘጋጅቶ ጠበቀ! የመጣው ማዕበል (ደመናው የምድርን ማግኔት ሲያናውጥ የሚነሳው) ግን ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ፣ በእናንተ ሰዓት ኦክቶበር 8 ማታ፣ ኤክስ 1.8 ተነሳ። ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ የሚያንስ ነው። ደመናው ግን ፊት ለፊት ወደ እኛ መጣ፣ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ደረሰ፣ ኦክቶበር 10 ጂ 4 የተባለ ከባድ ማዕበል አስነሳ (እርከኑ ከ1 እስከ 5 ነው)። ያን ማታ እኔ ከስቶክሆልም ወጣ ብዬ ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሰማዩ ከአናቴ በላይ ቀላ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ ወደ ቤት መግባት አልቻልኩም።

ታዲያ ምን ልይ ካሉኝ፣ አንዲት ቁጥር ይልመዱ፦ ቢ-ዜድ። የደመናው ማግኔት ወደ ሰሜን ነው ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው የሚለውን የምትነግረን እሷ ናት። ወደ ሰሜን ሲያዘነብል የምድር ማግኔት አብዛኛውን ይመልሰዋል። ወደ ደቡብ ሲዞር ግን፣ ማለትም ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ በሩ ይከፈታል። ችግሩ ይህን ከሩቅ ሆኖ ማወቅ አለመቻሉ ነው። የሚለኩት ሳተላይቶች ከእኛ ወደ ፀሐይ በኩል 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ቢሆን ነው። ለዚህ ነው ከቀናት በፊት የሚሰጠው ትንበያ የሚሳሳተው፤ ትንበያ ሰጪዎቹን አልወቅስም።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። ፍንዳታ ሲሰማ አልወጣም። ደመናው ወደ እኛ መሆኑን የአሜሪካው የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል እስኪናገር እጠብቃለሁ። ይደርሳል በተባለበት ማታ ቴርሞሴን ሞልቼ፣ ጫማዬን በር ላይ አድርጌ ቢ-ዜድን አያለሁ። ከ10 በታች ወርዶ (ኔጌቲቭ 10 ማለቴ ነው) ለግማሽ ሰዓት እዚያው ከቆየ ያኔ ቁልፌን አነሳለሁ። እርስዎ ባሉበት የማዕበሉን ብርታት ከ0 እስከ 9 የሚለካው ኬፒ የሚባለው ቁጥር 6 ወይም 7 ቢደርስ ተስፋ አለ። ወደ ሰሜን ይንዱ፣ የከተማው መብራት ከጀርባዎ ይሁን፣ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ስልክ አይንኩ። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስተኝተው ሲመጣ ቢቀሰቅሷቸው ይሻላል።

ዑደቱ ጫፍ ላይ መድረሱ በ2024 ስለተነገረ አለፈን ብለው አይዘኑ። ቁልቁል በሚወርድበት ጊዜም ከባድ ማዕበል ይነሳል። በማርችና በሴፕቴምበር አካባቢ ደግሞ ማዕበል ይበዛል፣ ምድር በዚያን ጊዜ ለፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ ሁልጊዜ ለሚነፍሰው ጋዝ) የምትቆምበት አቅጣጫ ይመቻል።

ጥያቄ፦ ኦስሎ ነው ያለሁት። ስልኬ አረንጓዴና ቀይ አድርጎ ያነሳዋል፣ በዓይኔ ግን ግራጫ ጭጋግ ነገር ነው። ጓደኞቼ ፎቶው ውሸት ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ፎቶሽ እውነት ነው። ስልክሽ በሌሊት ብዙ ሰከንድ ብርሃን ያጠራቅማል፤ ዓይናችን ግን በጨለማ የሚያይበት ክፍል ቀለም አይለይም። ብርሃኑ ሲበረታ ቀለሙ ለዓይንም ይወጣል። አረንጓዴውም ቀዩም ኦክስጅን ነው፦ አረንጓዴው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ሐምራዊና ሰማያዊ ካየሽ ናይትሮጅን ነው። ፎቶውን ለጓደኞችሽ ስታሳዪ «በዓይን እንዲህ አልደመቀም» በያቸው፣ ማንም አይጣላሽም።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነው። ዘመዶቼ «ዛሬ ሌሊት ፀሐይ ስለፈነዳች ስልካችሁን አጥፉ፣ ከአጠገባችሁ አርቁ» የሚል የድምፅ መልእክት ይልኩልኛል። እናቴም ፈርታለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እማማን አይፍሩ በልልን። አየሩ ከላያችን እንደ ወፍራም ጋቢ ነው፣ መሬት ላይ ያለ ሰውን ይከላከላል። ስልክ ማጥፋት ምንም አይጨምርም። ማዕበል የሚጎዳው ሳተላይትን፣ ጂፒኤስን፣ ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮችን ነው። በማርች 1989 የካናዳዋ ኩቤክ 9 ሰዓት ያህል መብራት አጥታ ነበር፣ 6 ሚሊዮን ሰው ጨለማ ውስጥ አደረ። ይህ ለመብራት ኃይል ባለሙያዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ለእናትህ ትራስ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። የፀሐይ ፍንዳታ በየቀኑ እከታተላለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ አውሮራ ማየት ይቻል ይሆን? ካልተቻለ መከታተሌ ከንቱ ነው?

መልስ፦ ተስፋ ልሰጥህ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አልዋሽህም። አውሮራ የሚታየው በምድር የማግኔት ዋልታዎች ዙሪያ ባለው ቀለበት ነው። ማዕበል ሲበረታ ቀለበቱ ወደ ወገብ ይሰፋል፣ በሜይ 2024 እስከ ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ወርዷል። የማግኔት ወገቡ (በሁለቱ የማግኔት ዋልታዎች መካከል ምድርን የሚከብበው መስመር) ግን በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። ከቀለበቱ ከዚህ በላይ መራቅ አይቻልም።

ግን ከንቱ አይደለም! ፍንዳታው ራሱ አንተ ጋ ይደርሳል፣ ቀን ከሆነ። ያ ኤክስ 9.0 ያልኩት መስከረም 23 ቀን 2017 ከቀኑ 9 ሰዓት ከ18 ላይ ነው ጫፍ የደረሰው፣ ፀሐይ በእናንተ ሰማይ ላይ እያለች። እንዲህ ሲሆን ኤክስሬዩ የላይኛውን አየር ይለውጠውና የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዋጣል። ቤት ውስጥ የአያትህ ሬዲዮ ካለ በአጭር ሞገድ ቀን የሚሰማ ጣቢያ ከፍተህ አስቀምጠው፣ አፑ «ኤም» ወይም «ኤክስ» ሲልህ ድምፁ ሲደክም ትሰማለህ። ሰዓቱን ጻፍ። በወር ውስጥ ጥሩ መዝገብ ይኖርሃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን ማግኔት ሲለካ ኖሯል። የኛ ቦታ የማግኔት ወገብ መሆኑ ነው ተፈላጊ ያደረገው።

የፀሐይ ነጠብጣቦችንም (በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩትን ጠቆር ያሉ ቦታዎች) ማየት ትችላለህ። የሜይ 2024ቱን ማዕበል ያመጣው ነጠብጣብ ከምድር 15 እጥፍ ይሰፋ ነበር፣ በግርዶሽ መነጽር ብቻ ይታይ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ግርዶሽ ባለፈ ጊዜ ብዙ ሰው መነጽር ገዝቷል፣ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሊኖር ይችላል። ከተጫረ ወይም ቀዳዳ ካለው ጣለው። እባክህ፣ እባክህ፣ በራጅ ፊልም ወይም በጠቆረ ጠርሙስ ፀሐይን እንዳታይ። ዓይን ሲቃጠል ሕመም የለውም፣ ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ ነው። መነጽር ካጣህ ካርቶን በመርፌ ብሳና ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ብርሃኗን ነጭ ወረቀት ላይ ጣላት። ትናንሾቹ ነጠብጣቦች በዚህ አይታዩም፣ ትልቅ ሲመጣ ግን ልትይዘው ትችላለህ። ከያዝከው ቀኑንና ሥዕሉን ላክልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።