መልስ፦ እንግሊዝ የሆንግ ኮንግን ሕዝብ ወደ ሰሜን አየርላንድ ልታዛውር በምስጢር አቅዳ ነበር?

እንግሊዝ እንዲህ ያለ ዕቅድ ነበራት ለማለት በጥያቄዎ የጠቀሱት የ1983 የእንግሊዝ መንግሥት ፋይል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እውነተኛ ሰነድ ነው፤ ሕዝብ የማስወጣት ዕቅድ ግን አይደለም። 5.5 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ነዋሪዎችን በሰሜን አየርላንድ ከተሞች በኮልሬይንና በለንደንደሪ መካከል የማስፈሩን ሐሳብ ያነሳው አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን፣ የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ቢሮና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣናት የተጻጻፉበት በቀልድ መልክ ነበር። ሰነዱ በ2015 ይፋ ሲሆን ከተጻጻፉት አንዱ ራሱ ይህንኑ ተናግሯል።

እውነተኛ ዕቅድ የሚፈልጉ ከሆነ የ1940ውን ይመልከቱ። የጃፓን ጥቃት ባሰጋ ጊዜ፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የሆንግ ኮንግ አስተዳደር በጁላይ ወር ከ3 ሺህ የሚበልጡ ሴቶችንና ሕፃናትን በመርከብ ወደ ማኒላ፣ ከዚያም ወደ አውስትራሊያ ላከ። አውስትራሊያ የምትቀበለው የአውሮፓ ዘር ያላቸውን ብቻ ስለነበር፣ የእንግሊዝ ዜጎች የሆኑ ቻይናውያንና ክልሶች ሳይቀሩ ከዕድሉ ውጭ ሆኑ፤ ከታሪኩ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሆንግ ኮንግ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 በጃፓን እጅ ወደቀች።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የቆዩ የመንግሥት ፋይሎችን ሳነብ እንዳስተዋልኩት፣ ምስጢር መሆኑ ብቻ አንድን ወረቀት ዕቅድ አያሰኘውም። የመርከቦቹ ቁጥር፣ የተሳፋሪዎቹ ቅደም ተከተል፣ የወጪው ሸፋኝና የተቀባዩ አገር ስምምነት በፋይሉ ውስጥ መኖራቸውን ሳያረጋግጡ ስለ ፋይሉ የወጣን የጋዜጣ ርዕስ አይቀበሉ።