ሴናተር ከመሆናቸው በፊት እወቋቸው

አገር ቤት አንድ ነገር ሲፈጠር አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ባንዲራ ይዘን ካፒቶል ሂል ፊት ለፊት እንሰለፋለን። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለመቶውም ሴናተር እንልካለን። ነገሩ በረድ ሲል ወደየሥራችን እንመለሳለን። ሰልፉን አልቃወምም፤ እኔም ስሰለፍ ኖሬያለሁ። ግን ሜሪላንድ ውስጥ ረጅም ዓመት ስኖር በደንብ ያስተዋልኩት ነገር አለ። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ከላይ አልጀመሩም። አብዛኞቹ ከእኛው ሰፈር የተነሱ ናቸው፤ ያኔ ግን ዞር ብለን አላየናቸውም።

የሜሪላንዱን ሴናተር የክሪስ ቫን ሆለንን መንገድ እንይ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990 ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ስቴቱ ሴኔት አለፉ። የስቴቱ ምክር ቤቶች በሚቀመጡባት ዋና ከተማ አናፖሊስ ውስጥ በጠቅላላው 12 ዓመት ሠሩ። በ2002 ለኮንግረስ ሲወዳደሩ በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲያቸው ዕጩውን በሚለይበት ምርጫ፣ የገጠሟቸው ማርክ ሽራይቨር ነበሩ፤ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የእህት ልጅ። የሽራይቨር አባት ፒስ ኮርን (የአሜሪካን የሰላም ጓድ) በመጀመሪያ የመሩት ሰው ናቸው። ከእኛ ውስጥ በዕድሜ የገፋችሁት በፒስ ኮር አስተማሪዎች የተማራችሁ አትጠፉም። እንዲህ ያለ ስም ያለውን ተወዳዳሪ ቫን ሆለን በጠባብ ልዩነት ረቱ። በኅዳሩ ምርጫም ከ1987 ጀምሮ ወንበሩን ይዘው የቆዩትን ኮኒ ሞሬላን አሸነፉ። ኮንግረስ ውስጥ 14 ዓመት ቆይተው፣ በ2016 ምርጫ ሴናተር ሆኑ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከ2021 እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ፣ በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሥር ያለውን የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ የመሩት እኚሁ ሰው ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። በየትኛውም ወገን የቆመ ኢትዮጵያዊ እሳቸው ቢሮ መግባት ይፈልግ ነበር። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በአቅራቢያችን ሲመረጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ብዙዎቻችን ግን ስማችንን ማስተዋወቅ የጀመርነው እሳት ከተነሳ በኋላ ነው።

ቫን ሆለን የለቀቁትን የኮንግረስ ወንበር የያዙት ጄሚ ራስኪንም የመጡት ከዚያው ከአናፖሊስ ነው። በ2006 ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን ወክለው የስቴት ሴናተር ሆኑ። በ2016ቱ ፕራይመሪ ዴቪድ ትሮን የሚባሉ ባለሀብት ከኪሳቸው ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ተወዳደሯቸው። ራስኪን ግን ከድምፁ ሲሶ ያህሉን ይዘው አለፉ። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሥር ዓመት ሰው ደጃፍ ላይ የቆመን ሰው በማስታወቂያ ብቻ መጣል ይከብዳል።

ኮሎራዶ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ማይክ ኮፍማን ከስቴት ምክር ቤት ተነስተው ኮንግረስ የገቡ ሰው ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ኤች.አር 128 በሚያዝያ 2018 በተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ ከገፉት አንዱ ናቸው። ያን ያደረጉት የኦሮራ ኢትዮጵያውያን ምርጫ በሌለበትም ጊዜ በራቸውን ስላንኳኩ ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን የኦሮራ ከንቲባ ናቸው፤ መንገዱ ወደ ታችም ይሄዳል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሜሪላንድ 47 የምርጫ ወረዳ አላት። እያንዳንዱ ወረዳ ወደ አናፖሊስ አንድ የስቴት ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ይልካል። ጉባኤው ከጥር እስከ ሚያዝያ ለ90 ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው። በቀረው ጊዜ ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራም አላቸው። ራስኪንም የስቴት ሴናተር እያሉ ሕግ ያስተምሩ ነበር።

አንድ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር ካላቸው የሰፈራችን እናቶች ጋር አናፖሊስ ሄጄ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ፊት ለመናገር ለእያንዳንዳቸው የተሰጣቸው ሁለት ደቂቃ ነው። አንዷ ጽፋ ያመጣችውን ወረቀት አጠፈችና፣ "ማታ የሚሠሩ ወላጆች ልጃቸውን የት ይተዉት?" ብላ ጠየቀች። አንዲት ዴሌጌት ቀና ብላ አየቻት። ስንት ልጅ እንደምትይዝ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ጠይቃ ጻፈች። ስንወጣ ረዳቷ ኮሪደር ድረስ ተከትሎን መጥቶ ስልካችንን ተቀበለ። ካፒቶል ሂል ላይ ቀኑን ሙሉ ጮኸን ስልካችንን የጠየቀን ሰው የለም።

ሌላው የምርጫ ምዝገባ ነው። ብዙ ወገኖቼ ዜግነት ሲያገኙ "ፖለቲካ ይቅርብኝ" ብለው ያለ ፓርቲ ይመዘገባሉ። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ የተመዘገበ ሰው በፓርቲዎቹ ፕራይመሪ አይመርጥም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ማን እንደሚያልፍ የሚለየው ፕራይመሪው ላይ ነው። ስለዚህ የትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ መርጣችሁ ተመዝገቡ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ታኮማ ፓርክ የሚኖር ሰው ዜጋ ባይሆንም በከተማው ምርጫ መምረጥ ይችላል፤ ይህ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። በስቴትና በፌዴራል ምርጫ ግን በፍጹም አይቻልም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "ዜጋ ነኝ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳታደርጉ። በዚህ ሰበብ ዜግነት ሊከለከል፣ ከአገር መባረርም ሊመጣ ይችላል።

ልጅ ኮሌጅ የምታስገቡ ደግሞ ይህን ያዙ። የሜሪላንድ ሴናተሮችና ዴሌጌቶች ለወረዳቸው ተማሪዎች የሚሰጡት የስኮላርሺፕ ገንዘብ በየዓመቱ ይመደብላቸዋል። የአመልካቹን ፎርም ከየቢሮአቸው ጠይቁ። ልጁ ራሱ ይደውል፤ እናንተ አጠገቡ ሁኑ።