ብረት ወይስ ችፑድ? የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ በጅማ እርጥበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም መድኃኒት የት ላይና በምን ላይ ይቀመጥ የሚሉ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በተከራየሁት የብሎኬት ቤት ፋርማሲ ልከፍት ነው። አናጺው «በችፑድ አሳምሬ ልሥራልሽ» ይለኛል፤ በያጁ ደግሞ «ከላሜራ ውጭ እንዳትሞክሪው» ባይ ነው። ማንን ልስማ? (ከሄርማታ መርካቶ)

መልስ፦ ለመደርደሪያው በያጁን ይስሙ። አናጺውንም ግን አያባርሩት፤ ባንኮኒውን እሱ ይሥራልዎ።

ጅማ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ዝናብ የሚመላለስባት ከተማ ናት። ችፑድ ደግሞ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ብልሽቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእግሩ ነው። ወለሉ ጠዋት ጠዋት ሲወለወል ውኃው ባልተሸፈነው የታችኛው ጠርዝ ይገባል፤ ጠርዙ እንደ ዳቦ ይነፋል፤ ብሎኑ የሚጨብጠው ነገር ያጣል፤ መደርደሪያውም ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል። ምስጥ ካለበት ቤት ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል።

ክብደቱንም ያስሉት። 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው አንድ እርከን ላይ የ100 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ከነካርቶኑ 16 በጎን፣ 5 ወደ ኋላ ይቆማል፤ 80 ጠርሙስ ማለት ነው። አንዱ የብርጭቆ ጠርሙስ ከነሽሮፑ 220 ግራም ገደማ ስለሚመዝን እርከኑ 18 ኪሎ ያህል ተሸከመ። ቦታ ሲጠብ በላዩ ሌላ ረድፍ ይደረባል፤ ያኔ 35 ኪሎ ሆነ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ችፑድ መሐሉ ላይ ድጋፍ ሳይኖረው ይህን ዓመቱን ሙሉ ሲሸከም መርገቡ አይቀርም። ችፑድ የግድ ከሆነብዎት በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ድጋፍ ያስቁሙለት፤ ጠርዙን፣ የማይታየውን የታችኛውን ጭምር፣ በኤጅ ባንድ (ጠርዝ መሸፈኛ ጥብጣብ) ያስለጥፉ፤ በፕላስቲክ ወይም በብረት እግርም ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ያንሱት። በደንብ የደረቀና ቫርኒሽ የጠጣ የዋንዛ ጣውላ ከችፑድ ይሻላል። ሆኖም ሽሮፕ ሲፈስበት በስንጥቁ ይመጥና ጉንዳን ይጠራል። መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚፈለገው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ የሚጸዳ ልሙጥ ገጽ ነው።

ለበያጁ «መደርደሪያ ሥራልኝ» ብቻ ብለው አይተዉት። ላሜራው ለመሸጫው ክፍል 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ለዕቃ ክፍሉ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። የእያንዳንዱ እርከን ፊትና ኋላ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይታጠፍ፤ ጫፉ እንደገና ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ከውፍረቱ ይልቅ ጥንካሬ የሚሰጠው ይህ እጥፋት ነው፤ ጠርዙም እጅ አይቆርጥም። ቋሚዎቹ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ አንግል ብረት ሆነው በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይበሱ፤ እርከኑን ከፍ ዝቅ ለማድረግ ያመቻል። ማያያዣው ብየዳ ሳይሆን ብሎንና ዳዶ ይሁን። አንደኛ፣ ቤቱ የኪራይ ነው፤ ሲለቁ ፈታተው ይዘውት ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ ዝገት ቀድሞ የሚይዘው ብየዳ ያረፈበትን ቦታ ነው። እንዳይወዛወዝም በጀርባው ሁለት ብረቶች ተመሳቅለው ይሰሩ።

ቀለሙ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። አዲስ ላሜራ ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው፤ በቲነር ታጥቦ ካልደረቀ ቀለሙ በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል። ከታጠበ በኋላ አንቲራስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አንድ እጅ፣ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቀለም ሁለት እጅ ይቀባ። ከዚያም በር ተከፍቶ ሳምንት ይቆይ። የቀለም ሽታ ካርቶንና ታብሌት ውስጥ ሲገባ ደንበኛው «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይመልስልዎታል።

የመሸጫ ክፍሉን መደርደሪያ ጥልቀት ከ30 ሳንቲ ሜትር አያስበልጡ። ሰፊ መደርደሪያ ብዙ የሚይዝ ይመስላል፤ ግን ከኋላ የቀረው አይታይም፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም ሁልጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የታችኛው እርከን ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ይነሣ፤ የላይኛው አጭር ሠራተኛ ሳይንጠራራ የሚደርስበት፣ ከ1 ሜትር ከ80 የማያልፍ ይሁን። ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያቁሙትና አናቱን ከግድግዳው ጋር ያስሩት። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ በባዶው ላይ የገባ ፊሸር (ብሎን መያዣ ፕላስቲክ) ቆይቶ ይወልቃል፤ የኮንክሪቱን ምሰሶ (ኮለን) ወይም አግዳሚ (ቢም) ፈልጎ መብሳት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የመንገድ ዳሩ የመስታወት ማሳያ ያማረ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ከሆነ ግን መድኃኒት አያስቀምጡበት። ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ዳይፐር ይበቃዋል። ላሜራ ከማስቆረጥዎ በፊትም ፈቃድ ከሚሰጠው የጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመስፈርቱን ዝርዝር ይውሰዱ፤ የክፍል ስፋት ካልተሟላ መደርደሪያው ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ከመሸጫው በስተ ጀርባ ያለችው የዕቃ ክፍሌ ስፋቷ 2 ሜትር ከ40 ነው። በክረምት ግድግዳዋ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ ካርቶኖቹም ከሥር ይረጥባሉ። ቀለም ባስቀባት ይበቃል ወይስ መደርደሪያ ልቀይር? (ከቆጪ)

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቆርጠው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ግድግዳው ላይ ይለጥፉትና ሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው ግድግዳ በነካው ገጽ ላይ ከታየ ውኃው ከግድግዳው ነው፤ የሚያፈስ አሸንዳ፣ የተዘጋ ቦይ ወይም ከውጭ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር ይፈልጉ። ወደ ክፍሉ በሚያየው ገጽ ላይ ከታየ ግን ችግሩ የታፈነው አየር ነው። ከግድግዳ ለሚመጣ ውኃ ቀለም አንድ ክረምት ይሸፍንልዎታል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።

ካርቶኑ ከሥር የሚረጥበው ወለል ላይ ስለተቀመጠ ነው። ባዶ ካርቶን ማንጠፍም አይረዳም፤ እሱም እርጥበት ይጠጣል። የሚሠራው ፓሌት ነው፦ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር የተነሣ፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር የራቀ፣ በጣውላዎቹ መካከል አየር የሚያልፍበት። የእርስዎ ክፍል ስፋት ደግሞ ለሁለት ረድፍ ልክ ይመጣል፦ 30 ክፍተት፣ 45 መደርደሪያ፣ 90 መተላለፊያ፣ 45 መደርደሪያ፣ 30 ክፍተት፤ ድምሩ 240። ከዚህ ላይ መተላለፊያውን ቀንሰው ሦስተኛ ረድፍ ለማስገባት አይሞክሩ፤ ካርቶን የያዘ ሰው የሚዞርበት ቦታ ያጣል።

ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ። 12 ከረጢት የሚይዝ የ1 ሊትር ግሉኮስ ወይም ኖርማል ሳላይን ካርቶን 12 ኪሎ ያልፋል፤ አራት ሲደራረብ ወደ 50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ፓሌት ላይ ነው። ክምር ከ2 ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም ይባላል፤ ከረጢት ላለው ካርቶን ግን ይህም ይበዛል፤ የታችኛው ይፈነዳል። ካርቶኑ ላይ ስንት ይደራረብ እንደሆነ የታተመውን ቁጥርና የቀስቱን አቅጣጫ ይከተሉ። አልኮልና በረኪና ለየብቻ፣ ከሁሉም ሥር ይቀመጡ። አልኮል ከኤሌክትሪክ ሶኬት ይራቅ። የበረኪና ትነት ደግሞ ላሜራውን ያዝገዋልና የብረት መደርደሪያዎ ላይ ከቶ አይውጣ።

የአየሩን እርጥበት የሚለካ ሃይግሮሜትር ይስቀሉና ከ65 በመቶ እንዳያልፍ ይከታተሉ። መስኮት የሚከፈተው ፀሐይ በወጣበት በእኩለ ቀን ነው፤ ዝናብ እንዳባራ ወይም በማታ መክፈት እርጥቡን አየር መጋበዝ ነው። መሣሪያው ሳይኖርም መድኃኒቱ ራሱ ይናገራል፦ ካፕሱል እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) በከረጢቱ ውስጥ ይጓጉላል፤ አስፕሪን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። 1000 ፍሬ በሚይዘው ቆርቆሮ ውስጥ ያለችውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አውጥተው የሚጥሉ አሉ፤ ቆርቆሮው እስኪያልቅ እዚያው ትቆይ።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቼ መድኃኒቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደርድረውታል። ጓደኛዬ ደግሞ መሳቢያ ብቻ ይሻላል ይላል። የቱ ይሻላል? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ የፊደል ተራ ለመፈለግ ይቀላል፤ ለመሳሳትም ይቀላል። ሜትፎርሚንና ሜትሮኒዳዞል ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ሁለቱም 500 ሚሊ ግራም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ግን የስኳር፣ ሌላው የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። በጥድፊያ ሰዓት እጅ የሚሄደው ዓይን ወደለመደው ቦታ ነው። መጀመሪያ በአገልግሎት ይከፋፍሉ (የደም ግፊት፣ የስኳር፣ ፀረ ባክቴሪያ፣ የሕመም ማስታገሻ)፤ የፊደል ተራውን በየክፍሉ ውስጥ ይጠቀሙበት። የሚቀባና የዓይን ጠብታም ከሚዋጠው ይለዩ።

መሳቢያ ለስትሪፕ (በቅጠል ለታሸገ ክኒን) እና ለአምፑል (ለመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) ጥሩ ነው፤ አቧራና ብርሃን ይከለክላል። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃዋል፤ ጥልቅ ከሆነ መድኃኒቱ ይደራረባል። ሐዲዱ እስከ መጨረሻ የሚወጣ ዓይነት ይሁን፤ በግማሽ የሚቆም ከሆነ የኋላው ይረሳል። ሙሉ መድኃኒት ቤት በመሳቢያ መሥራት ግን አንመክርም፦ ያለቀው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም መክፈት ያስፈልጋል።

አደራደሩ የቱም ይሁን፣ ፊት የሚቀመጠው ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ነው። ቀድሞ የገባው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው አይደለም፤ ትናንት የመጣው ካርቶን አጭር ቀን ሊኖረው ይችላል። ካርቶን ላይ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 05/2027 ከተባለ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም እስከ ግንቦት 23 ቀን 2019 ይሠራል። ሠራተኞች በራሳቸው ምልክት ሲጽፉበት አንዱ በፈረንጅ፣ ሌላው በሐበሻ ከጻፈ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። ለመደርደሪያ ምልክት ካርቶኑ ላይ ያለውን ብቻ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ለኢንሱሊንና ለኦክሲቶሲን (በወሊድ ጊዜ ለሚሰጠው መርፌ) የቤት ፍሪጅ ይበቃል? የሚቆለፍባቸውን መድኃኒቶችስ የት ላስቀምጥ? (ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ ለጥቂት ዕቃ የቤት ፍሪጅ ይሠራል፤ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየቱን በቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ እየመዘገቡ ነው። መድኃኒቱን መሐል ላይ፣ የኋላውን ግድግዳ ሳይነካ ያስቀምጡ፤ ግድግዳውን የነካ ኢንሱሊን በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሸጥም። በሩ ላይ በጣም ስለሚሞቅ መድኃኒት አይቀመጥበትም፤ እዚያ የውኃ ጠርሙስ ደርድሩበት፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ያቆያል። ስታብላይዘር (የኤሌክትሪክ ኃይል ማመጣጠኛ) ይግጠሙለት። ለስላሳና ምሳ ዕቃ አይግባበት፤ በር በከፈቱ ቁጥር የውስጡ ሙቀት ይጨምራል።

ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ የሚባሉት፣ ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች (ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ዳያዜፓም፣ ፌኖባርቢታል) ከላሜራ በተሠራ፣ በሚቆለፍና ከግድግዳ ጋር በብሎን በታሰረ ቁም ሳጥን ውስጥ ይግቡ። ብሎኑ ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ይሁን፤ ከውጭ የሚፈታ ከሆነ ሌባው ሳጥኑን ከነመድኃኒቱ ይወስደዋል። ቁልፉ በኃላፊው ፋርማሲስት እጅ፣ መዝገቡም ከሳጥኑ አጠገብ ይሁን። ደንበኛ ከባንኮኒው ቆሞ ሲከፈት የሚያይበት ቦታ አያስቀምጡት። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ግን እዚሁ ሳጥን ውስጥ አይቀላቅሉት፤ «አይሸጥም» ተብሎ በቀይ የተጻፈበት የራሱ የሚቆለፍ ሳጥን ይኑረው፤ እስኪወገድ ድረስም ከነዝርዝሩ ይቆይ።