ሲምኮና አማሪሎ ሲጠፉ፦ ሆፕ ለበዛበት ጠንካራ ቢራ ተተኪ አመራረጥ

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ 20 ሊትር ድርብ አይ.ፒ.ኤ (ሆፕ፣ ማለትም ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ የበዛበት ጠንካራ ቢራ) ልጠምቅ ነው። የመነሻ እፍጋቱ (እርሾ ከመግባቱ በፊት ፈሳሹ በሟሟው ስኳር ምክንያት ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው ልክ) 1.075 ነው። የያዝኩት አዘገጃጀት ሦስት የሆፕ ዝርያዎችን ይጠይቃል፦ ዋሪየር (አልፋ፣ ማለትም ምሬት የሚሰጠው አሲድ፣ 16 በመቶ) 35 ግራም ለ60 ደቂቃ፣ ሲምኮ (13 በመቶ) 30 ግራም በመጨረሻው 10 ደቂቃ፣ አማሪሎ (9 በመቶ) 60 ግራም እሳቱ ሲጠፋ፣ ለድራይ ሆፕ (እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሳይፈላ ለመዓዛ ለሚጨመረው ሆፕ) ደግሞ ሲምኮና አማሪሎ እያንዳንዳቸው 60 ግራም። ሦስቱንም ላገኝ አልቻልኩም። እጄ ላይ ያለው ማግነም 12፣ ሺኑክ 12.5፣ ሴንቴኒያል 10፣ ካስኬድ 6፣ ኮሎምበስ 15 በመቶ ነው፤ ሁሉም ፔሌት (ተፈጭቶ በፍሬ መልክ የተጠቀጠቀ) ነው። በምን ልተካ? መጠኑስ?

መልስ፦ ያለዎት ሆፕ ጥሩ ቢራ ለማውጣት ይበቃል። ነገር ግን «የሲምኮ ምትክ ማን ነው?» ብለው አይነሱ። ሲምኮ በእርስዎ አዘገጃጀት ውስጥ ሁለት ቦታ ገብቷል፤ ሥራውም እንደየቦታው ይለያያል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሆፕ እዚያ ቦታ ለምን እንደገባ ይለዩ። ለምሬት የገባው በስሌት ይተካል፤ ለመዓዛ የገባው በሽታው ተመርጦ በክብደቱ ይተካል። ለድራይ ሆፕ የሚገባውን ሆፕ በአልፋ አሲድ እያሰሉ መቀነስና መጨመር በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱም መዓዛው የሳሳ ቢራ ነው።

ከ60 ደቂቃው እንጀምር። ሆፕ አንድ ሰዓት ሲፈላ የመዓዛ ዘይቱ አብዛኛው በእንፋሎት ይሄዳል። የሚቀረው አልፋ አሲድ ነው፤ እሱም በሙቀቱ ቅርጹን ቀይሮ ይሟሟና ምሬት ይሰጣል። ስለዚህ የዝርያው ስም እዚህ ላይ ብዙ አያሳስብም። የቀድሞውን ግራም በቀድሞው አልፋ አባዝተው ለአዲሱ አልፋ ያካፍሉ፦ 35 × 16 ÷ 12 = 46.7። 47 ግራም ማግነም ይጨምሩ ማለት ነው። በቲንሴት ቀመር (የቢራን ምሬት አስቀድሞ መገመቻ ስሌት) ሲፈተሽ፣ በ1.075 እፍጋት አንድ ሰዓት ከፈላ ሆፕ ወደ ምሬት የሚለወጠው የአልፋ አሲዱ 18 በመቶ ገደማ ነው፤ ዋሪየሩም ማግነሙም 52 አይ.ቢ.ዩ (የቢራ ምሬት መለኪያ) አካባቢ ይሰጣሉ። እፍጋቱ 1.050 ቢሆን ኖሮ 23 በመቶ ይለወጥ ነበር። ጠንካራ ቢራ ብዙ ሆፕ የሚፈልገው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለቀላል ቢራ ከተጻፈ አዘገጃጀት የግራም ቁጥር እንዳለ መገልበጥም የማያዋጣው ለዚሁ ነው።

ያንኑ ምሬት በካስኬድ ማምጣት ይቻላል፤ ግን 93 ግራም ይጠይቃል። ያ ሁሉ ቅጠላ ቅጠል አንድ ሰዓት ሲፈላ ምላስ የሚይዝና ሣር ሣር የሚል ቃና ይተዋል፤ ከድስቱ በታች የሚቀረው አተላም ብዙ ፈሳሽ ይዞ ይቀራል። ለምሬት ምንጊዜም አልፋው ከፍ ያለውን ይምረጡ። ኮሎምበስም 37 ግራም ቢሆን ይሠራል፤ እኔ ግን ለድራይ ሆፕ አስቀምጠዋለሁ።

ስሌቱ የሚሠራው እሽጉ ላይ በተጻፈው አልፋ ነው። መጽሐፍ ላይ ካስኬድ ከ4.5 እስከ 7 በመቶ ተብሎ ሲጻፍ፣ የአንዱ ዓመት ምርት ከሌላው ይህን ያህል ሊራራቅ ይችላል ማለት ነው። ዕድሜውንም ይመልከቱ። ኮሎምበስ ክፍል ሙቀት ላይ ሲቀመጥ አልፋውን ቶሎ ከሚያጡት ዝርያዎች አንዱ ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። ማግነም በደንብ ይቆያል። አየር ወጥቶለት ታሽጎ በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት የኖረ ከሆነ አይስጉ። እሽጉን ሲከፍቱ የቆየ አይብ ወይም የእግር ላብ የመሰለ ሽታ ከመጣ ግን ያንን ሆፕ ለመዓዛ አይጠቀሙበት፤ የትኛውም ዝርያ ቢሆን።

የ10 ደቂቃው ቀላል ነው። በ30 ግራም ሲምኮ ፋንታ ሺኑክ 15 እና ሴንቴኒያል 15 ግራም ያድርጉ። ምሬቱ ከ13 ወደ 11 አይ.ቢ.ዩ ይወርዳል፤ በእንዲህ ያለ ቢራ ልዩነቱ በምላስ ስለማይለይ ለማስተካከል አይድከሙ።

እሳቱ ሲጠፋ ለሚገባው አማሪሎ ደግሞ ካስኬድ 30 እና ሴንቴኒያል 30 ግራም። አማሪሎ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፣ ለስላሳ መዓዛ አለው፤ የካስኬድ የአበባና የግሬፕፍሩት ሽታ ከሴንቴኒያል ሎሚነት ጋር ሲገናኝ ወደዚያ ይጠጋል። እዚህ ቦታ ላይ አልፋው ትንሽ ዋጋ አለው፤ ፈሳሹ ገና ትኩስ ስለሆነ ምሬት መውጣቱ አይቆምም። የሁለቱ አማካይ 8 በመቶ ስለሆነ ከአማሪሎ 9 ብዙም አይርቅም። በኮሎምበስ 60 ግራም ቢተኩት ግን ከዚህ ጭማሪ የሚመጣው ምሬት በሁለት ሦስተኛ ያድጋል። ለጥንቃቄ ፈሳሹን መጀመሪያ ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያውርዱት፤ ከዚያ ሆፑን ጨምረው 20 ደቂቃ ያቆዩት። ምሬቱ ይገታል፣ የሚተን ዘይትም ይቀንሳል።

ዋናው ጉዳይ ድራይ ሆፕ ነው፤ የቢራዎ ጠረን የሚወሰነው እዚህ ነው። ሲምኮ ሁለት ፊት አለው፦ አንዱ የጥድ ሙጫ፣ ሌላው እንደ ፓሽን ፍሩትና እንጆሪ ያለ የፍሬ ጠረን። ጥድነቱን ከሺኑክ ያገኙታል፤ ኮሎምበስ ሙጫና ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ክብደት ይጨምርበታል። የፍሬው ፊት ግን ካሉዎት አምስት ዝርያዎች ከአንዱም አይመጣም። ሞዛይክ ካገኙ 15 ግራም እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ሞዛይክ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበ ከሲምኮ የተወለደ ዝርያ ስለሆነ የፍሬው ጠረን በደንብ አለው። ካላገኙ ቢራዎ ወደ ጥድና ወደ ሎሚ ያደላ እንደሚሆን አውቀው ይጥመቁት፤ ጥሩ ቢራ ነው፣ የተለየ ይሆናል እንጂ።

የምመክረው መጠን ይህ ነው፦ ሺኑክ 25፣ ሴንቴኒያል 50፣ ካስኬድ 30፣ ኮሎምበስ 15 ግራም። ድምሩ እንደቀድሞው 120 ነው። ሞዛይክ ከተገኘ የኮሎምበስን ቦታ ይውሰድ። ኮሎምበስን ከዚህ አያብዙት፤ ሲበዛ ወደ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚሄድ ጠረን ያመጣና ሌላውን ይሸፍናል። ሺኑክም ከሲሶ ካለፈ ሙጫነቱ ይከብዳል።

ተተኪው ደካማ መስሏቸው መጠኑን እጥፍ የሚያደርጉ አሉ። የእርስዎ በሊትር 6 ግራም ነው፤ እስከ 8 መሄድ ይችላሉ። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካስኬድ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት፣ በሊትር ከ8 ግራም በላይ ሲሆን የሚጨመረው መዓዛ እያነሰ እንደሚሄድና ጠረኑም ከሎሚነት ወደ ሻይ ቅጠልና ወደ ዕፀዋት እንደሚያደላ አሳይቷል።

20 ሊትር ከማዋልዎ በፊት ቅይጡን ይሞክሩት። 330 ሚሊ ሊትር ቀለል ያለ ላገር ቢራ በደንብ አቀዝቅዘው ይክፈቱ፤ ከአንገቱ ትንሽ ያጉድሉ፤ ከላይ ባለው ጥምርታ የተቀየጠ 2 ግራም ፔሌት ይጨምሩበት። ይህ በሊትር 6 ግራም ስለሚሆን ከቢራዎ ጋር እኩል ነው። ፔሌቱ ጋዙን ስለሚቀሰቅሰው አረፋው ይገነፍላል፤ ጥቂት ጥቂቱን ጨምረው ወዲያው በአዲስ ቆርኪ ይዝጉት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ካቆዩት በኋላ ዝቃጩን ሳያናውጡ ቀድተው ያሽትቱት። ሁለት ሦስት ዓይነት ቅይጥ ጎን ለጎን ቢሠሩ ምርጫው በግልጽ ይታይዎታል። ፔሌቱን በጣት አሽቶ ማሽተት ሆፑ መበላሸት አለመበላሸቱን ይነግርዎታል፤ ቢራው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ግን እምብዛም አይነግርም።

እርሾው ሥራውን ሲጨርስና እፍጋቱ ሲረጋ ሆፑን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ጨምረው ሦስት ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ በላይ የሣር ቃና ይበረታል። ክዳኑን ደጋግመው አይክፈቱ። ሆፕ የበዛበት ቢራ ኦክስጅን ሲነካው ቀለሙ ይጠቁራል፣ መዓዛውም በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ በአንድ ጊዜ ጨምረው ይዝጉት። ቆይተው በፔሌት ፋንታ ሙሉ አበባ ካገኙ መጠኑን አሥር በመቶ ገደማ ከፍ ያድርጉ።

ከዚህ በኋላ ለማሸግ አይቸኩሉ። ሆፕ ራሱ ኢንዛይም አለው፤ እርሾው ሊበላው ያልቻለውን የብቅል ስታርች ስባሪ ወደሚበላ ስኳር ይለውጠዋል፤ ተኝቶ የነበረው እርሾም እንደገና ይነሳል። ይህ ጠንካራ ቢራ ላይ በጣም ይታያል፤ የሚቀር ስባሪ ብዙ ነውና። ምልክቱ በሃይድሮሜትር የሚነበበው እፍጋት መውረዱ፣ አንዳንዴም እንደ ቀለጠ ቅቤ ያለ ጠረን መምጣቱ ነው። የቅቤው ጠረን ከመጣ እርሾው ራሱ መልሶ እስኪያጠፋው ሙቀቱን ሳይቀንሱ ይጠብቁ። ድራይ ሆፑን በቅዝቃዜ ቢያደርጉትም ኢንዛይሙ አይሞትም፤ ጠርሙሱ ሲሞቅ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ሆፑ ከገባ በኋላ እፍጋቱን ይለኩ፤ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ እኩል ካልሆነ አያሽጉ። እፍጋቱ በጠርሙስ ውስጥ በ0.001 ብቻ ሲወርድ የቢራውን መጠን ግማሽ የሚያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። 0.003 ከወረደ፣ ለጋዝ ብለው በጨመሩት ስኳር ላይ ሲደመር፣ ተራ ጠርሙስ የሚያፈነዳ ግፊት ይሆናል።