የማይዳቀሉትን ተክሎች በሕዋስ ማዋሐድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአበባ የማይዳቀሉ ሁለት ተክሎች እንዴት አንድ ይሆናሉ?

መልስ፦ የተክል ሕዋስ በሴሉሎስ ግድግዳ የታጠረ ነው፤ አጥሩ እስካለ ድረስ አንዱ ከሌላው አይቀላቀልም። ስለዚህ ለጋ ቅጠል በምላጭ እንከትፍና ግድግዳውን በሚያሟሟ ኢንዛይም ውስጥ እናሳድረዋለን። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ማታ ማዕዘን የነበራቸው ሕዋሳት እንደ ሳሙና አረፋ ድቡልቡል ብለው ይንሳፈፋሉ። ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲጨመርባቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣበቃሉ፤ ቆየት ብሎ በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ይከፈትና የሁለቱ አረንጓዴ ቅንጣቶች ይደባለቃሉ። ይህን ስንት ጊዜ አይቼ አልጠገብሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከላይ ቲማቲም ከታች ድንች የሚያፈራ ተክል ተሠርቷል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ የሁለቱን ሕዋስ ማዋሐዱ እውነት ነው፤ ጀርመናዊው ጌዎርግ ሜልከርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ አድርገውታል። ለገበሬ የሚሆን ምርት ግን ከላይም ከታችም አልተገኘም። አንዳንድ ጊዜ በፎቶግራፍ የምታየው የቲማቲም ቅርንጫፍ በድንች ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገ ነው፤ ዘረመላቸው አልተነካካም።

ጥያቄ፦ ሙሉው ካልተስማማ ከፊሉን ብቻ መውሰድ አይቻልም?

መልስ፦ የእኔም ተስፋ እዚያ ላይ ነው። ከፊሉን ብቻ የምንወስድበትን የለጋሹን ተክል ሕዋሳት በጋማ ጨረር ስንመታ ክሮሞዞሞቻቸው (ዘረመልን የተሸከሙት ክሮች) ይሰባበራሉ። የተቀባዩን ተክል ሕዋሳት ደግሞ አዮዶአሴቴት በተባለ መርዝ እናዳክማቸዋለን። ብቻውን የቀረ ሁሉ ይሞታል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሞላለት ውሕድ ብቻ ይራባል። ጨረሩ ግን የትኛው ቁራጭ እንደሚተርፍ አይመርጥልንም። ብዙ ችግኝ ማሳደግ፣ የእያንዳንዱን ክሮሞዞም መቁጠር፣ አብዛኛውን መጣል ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ማሳ ላይ የደረሰ ውጤት አለ?

መልስ፦ አለ፤ ካኖላ የሚባለው የዘይት ተክል። የዲቃላ ዘር አምራቾች የአበባ ብናኝ የማይሰጥ እናት ተክል ይፈልጋሉ፤ ይህን ጠባይ የሚሰጥ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ቅንጣት) በጃፓን ፍጁል ውስጥ ተገኘ። ፍጁሉን በመደበኛ ማዳቀል ሲያስገቡት ግን የፍጁሉ ክሎሮፕላስትም (አረንጓዴው ቅንጣት) አብሮ መጣ፤ ተክሉም በብርድ ጊዜ ቢጫ ሆነ። በፈረንሳይ የዦርዥ ፔልቲዬ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 ሕዋሳቱን በማዋሐድ የፍጁሉን ማይቶኮንድሪያና የካኖላውን ክሎሮፕላስት በአንድ ተክል ውስጥ አገናኘ። ቢጫነቱ ቀረ።

ጥያቄ፦ የእኛ ጎመን ዘርስ ዲቃላ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ማን ሠራው?

መልስ፦ ማንም። ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም አለው፤ የጥቅል ጎመን ወገን 18። ሁለቱ ከጥንት በአበባ ተዳቅለው ክሮሞዞማቸው እጥፍ ሆነ፤ ጎመን ዘርን ብትቆጥሩ 34 ታገኛላችሁ።