ገምጋሚው የሚያየውና የማያየው

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ከኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ጀምሮ በዜና ላይ «ይህ ጥናት ገና በሌሎች ምሁራን አልተገመገመም» የሚል ማሳሰቢያ መስማት የተለመደ ሆኗል። ተማሪዎቼም «እንግዲያው የተገመገመው ሁሉ እውነት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለመሆኑ ገምጋሚዎቹ እነማን ናቸው? ሙከራውንስ ራሳቸው ደግመው ይሠሩታል?
የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ገምጋሚዎች ሙከራውን ደግመው አይሠሩትም። ሥራቸው ንባብ ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ለጆርናል፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎች ለሚታተሙበት መጽሔት፣ ሲልክ መጀመሪያ የሚያየው አርታኢው ሲሆን፣ ታላላቅ በሚባሉት ጆርናሎች ዘንድ አብዛኛው ጽሑፍ ገምጋሚ ዘንድ ሳይደርስ ከዚሁ ይመለሳል። ይህን ያለፈው በዚያው ዘርፍ ለሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ተመራማሪዎች ይላካል፤ እነርሱም ጽሑፉን ከነሥዕሎቹና ከነሠንጠረዦቹ መርምረው አስተያየታቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ። ማነጻጸሪያው ቡድን (የሚፈተነው ነገር ያልተሰጠው ወገን) በትክክል ተመርጧል ወይ? የናሙናው ብዛት ለተሰጠው ድምዳሜ ይበቃል ወይ? ያንኑ ውጤት ሊያስገኝ የሚችል ሌላ ምክንያት ታስቦበታል ወይ? የሚሉት ዋና ዋና ጥያቄዎቻቸው ናቸው። አርታኢው አስተያየቶቹን አይቶ ጽሑፉ እንዲታተም፣ ተሻሽሎ እንዲመለስ ወይም ውድቅ እንዲሆን ይወስናል፤ ምልልሱ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ገምጋሚው የቤተ ሙከራውን ማስታወሻ ደብተር አይገልጥም፤ ባክቴሪያው ያደገበትንም ብልቃጥ አያይም። መሬቱን ሳይረግጥ በመዝገቡ ላይ ብቻ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ በሐሰት የሰፈረውን ለመያዝ ያለው ዕድል ጠባብ ነው። ሳይደበቅ በግልጽ የሰፈረ ድክመትም ቢሆን ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት (በዚህ ዓምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሆን ብለው 8 ድክመቶች አስገብተው ከ200 በላይ ገምጋሚዎች የሰጡትን አስተያየት መረመሩ። አንድ ገምጋሚ በአማካይ የጠቆመው 2 ያህሉን ብቻ ነበር።

ለክፍል ውይይት የሚበጅዎትን አንድ ታሪክ ላቅርብ። በዲሴምበር 2010 «ሳይንስ» የተባለው የአሜሪካ ጆርናል በናሳ ድጋፍ የተሠራ ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው፣ ጨውና አርሰኒክ የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ከበዛበት ሞኖ ሐይቅ፣ ጂኤፍኤጄ-1 ያሉትን ባክቴሪያ አግኝተው ነበር፤ ይህ ባክቴሪያ ፎስፈረስ ሲያጣ በምትኩ አርሰኒክን በዲኤንኤው ውስጥ አስገብቶ እንደሚያድግ ገለጹ። የዲኤንኤን ሰንሰለት አያይዞ የሚይዘው ፎስፈረስ ያለበት ፎስፌት መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ እንደ አዲስ መጻፍ በተገባው ነበር። ናሳም ይህንኑ ለማብሠር ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጥቷል።

ጽሑፉን ሦስት ገምጋሚዎች አይተውታል። «ዩኤስኤ ቱዴይ» ጋዜጣ በመረጃ ነጻነት ሕግ ጠይቆ በ2013 ይፋ ያደረጋቸው አስተያየቶቻቸው እንደሚያሳዩት ሦስቱም ጥናቱን አወድሰዋል። ነገር ግን ጽሑፉ በወጣ በቀናት ውስጥ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ሮዚ ሬድፊልድ ትችታቸውን በአደባባይ አቀረቡ። ፎስፌት አልተጨመረበትም የተባለው ማሳደጊያ ፈሳሽ ከሌሎቹ ጨዎች ጋር ተደባልቆ የገባ ጥቂት ፎስፌት ነበረበት፤ ችግር ለለመደ ባክቴሪያ ደግሞ ያች ጥቂት መጠን ለማደግ ትበቃዋለች። በተጨማሪም ዲኤንኤው ከመለካቱ በፊት በሚገባ ስላልጠራ፣ የተገኘው አርሰኒክ የዲኤንኤው አካል ይሁን ወይም ከፈሳሹ የተረፈ ቆሻሻ ይሁን መለየት አይቻልም ነበር። እኔን የሚያስገርመኝ እነዚህ ነጥቦች ከራሱ ከጽሑፉ ሊነበቡ የሚችሉ መሆናቸው ነው፤ ማንም የደበቀው ነገር አልነበረም።

ሬድፊልድ በትችት ብቻ አልቆሙም። ባክቴሪያውን አስመጥተው አሳደጉት፣ ዲኤንኤውን አጥርተው ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር አስለኩት፤ በሰንሰለቱ ውስጥ አርሰኒክ አልተገኘም። ይህ ውጤት፣ በዙሪክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ካደረጉት ጥናት ጋር፣ በጁላይ 2012 በዚያው በ«ሳይንስ» ታተመ። ጆርናሉ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የሰረዘው ግን በጁላይ 2025 ሲሆን፣ ያውም የማጭበርበር ክስ ሳይኖር፣ የቀረበው ማስረጃ ድምዳሜውን አይደግፍም በሚል ምክንያት፣ የጥናቱ ባለቤቶች እየተቃወሙ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ሊነግሯቸው የሚገባው፣ የተገመገመ ጥናት የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ እንጂ የመጨረሻውን ያለፈ አለመሆኑን ነው። ያልተገመገመም ሁሉ ገለባ አይደለም። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳወቁበት የ1953ቱ አጭር ጽሑፍ በ«ኔቸር» ሲወጣ ለውጭ ገምጋሚ አልተላከም ነበር፤ ጆርናሉ የውጭ ግምገማን ግዴታ ያደረገው በ1973 ነው።

የወረርሽኙን ጊዜ በተመለከተ ሁለት ጽሑፎችን አነጻጽረው ያሳዩዋቸው። የአሜሪካው ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ በ2013 ባቋቋመው፣ ያልተገመገሙ የሥነ ሕይወት ጽሑፎች በሚወጡበት ባዮአርካይቭ በተባለ ድረ ገጽ ላይ፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ አዲሱ ቫይረስ ከኤችአይቪ ጋር የሚመሳሰሉ ቁራጮች አሉት ይል ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ቁራጮቹ እጅግ አጫጭር መሆናቸውንና በብዙ ሌሎች ሕያዋን ዘንድም እንደሚገኙ ስላሳዩ፣ ጸሐፊዎቹ በቀናት ውስጥ ራሳቸው አነሡት። በሌላ በኩል በሜይ 2020 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የታተመው፣ ከ671 ሆስፒታሎች የ96,000 ሕሙማንን መረጃ ሰብስቤያለሁ ያለው የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥናት፣ ይህ የወባ መድኃኒት የኮቪድ ሕሙማንን ሞት ይጨምራል ያለው፣ ተገምግሞ ያለፈ ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በእርሱ ምክንያት የመድኃኒቱን ሙከራ ለጊዜው አቁሞ ነበር። ከ100 በላይ ባለሙያዎች በፈረሙት ግልጽ ደብዳቤ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ የአፍሪካው መረጃ ነው። በቁጥሮቹ መሠረት በአህጉሪቱ እስከዚያ ቀን በኮቪድ ከሞቱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ፣ የሕሙማንን መዝገብ በረቀቀ የኮምፒዩተር ሥርዓት በሚይዙ በጥናቱ በታቀፉ ሆስፒታሎች የሞቱ መሆን ነበረባቸው። በአፍሪካ ሆስፒታል የሠራ አንድ ሐኪም ከገምጋሚዎቹ መካከል ቢኖር ይህ ዝም ብሎ ባላለፈ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጽሑፉ በጁን 4 ተሰረዘ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በማጠናቀቅ ላይ ነኝ። ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው ጆርናል «ጽሑፍዎን በ5 ቀን ገምግመን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ፤ ክፍያም ይጠይቃል። አምኜ ልላክላቸው?
የባዮሎጂ ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አይላኩ። በሥራ የተጠመዱ ሁለት ባለሙያዎችን አፈላልጎ፣ አስነብቦ፣ መልሱን ለጸሐፊው አድርሶና ማሻሻያውን አይቶ በ5 ቀን መጨረስ የማይታሰብ ነው።

በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ያደረገው ሙከራ ለእኛ አካባቢ ቅርብ ነው። ከድንጋይ ሽበት የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋሳትን ይገድላል የሚል የፈጠራ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ በሌሉ ሰዎችና በሌሉ የአፍሪካ ተቋማት ስም፣ ለምሳሌ አስመራ ይገኛል በተባለ «ዋሲ የሕክምና ተቋም» ስም፣ ለ304 ጆርናሎች ላከው። ስሕተቱ በጥልቀት የተቀበረ አልነበረም። ንጥረ ነገሩ የተሟሟው ብዙ አልኮል ባለበት ፈሳሽ ሲሆን ማነጻጸሪያዎቹ ሕዋሳት ግን ያ አልኮል አልደረሳቸውም፤ ስለዚህ ገዳዩ ንጥረ ነገሩ ይሁን አልኮሉ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ማየት ይችላል። ውጤቱ በወጣ ጊዜ 157 ጆርናሎች ተቀብለውት፣ 98 ደግሞ መልሰውት ነበር። ከተቀበሉት ብዙዎቹ ስለ ሳይንሱ አንዲት ጥያቄ እንኳ አላነሡም፤ ክፍያ የሚጠይቀው «ፕሎስ ዋን» ግን ድክመቱን ዘርዝሮ መልሶታል፤ ስለዚህ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን የአጭበርባሪነት ምልክት አይሆንም።

ለእርስዎ የሚበጀው የጆርናሉን የቅርብ ጊዜ እትሞች ከአማካሪዎ ጋር ሆኖ ማንበብና በአርታኢነት ስማቸው የተዘረዘሩት ሰዎች በእርግጥ መኖራቸውን፣ መስማማታቸውንም ማጣራት ነው። ዶአጅ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የክፍት (ማንም በነጻ የሚያነባቸው) ጆርናሎች ማውጫ በ2016 መስፈርቱን አጥብቆ ከ3,000 በላይ ጆርናሎችን ስላስወጣ፣ እዚያ መመዝገብ ከቀድሞው የተሻለ ዋስትና ነው። የክፍያው ነገር ካሳሰበዎ ብዙ ታዋቂ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ አነስተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይምራሉ፤ ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት ይጠይቋቸው። የኢትዮጵያ ሥነ ሕይወት ማኅበር የሚያሳትመው ጆርናልም አለ፤ ርእስዎ የአገር ውስጥ ዕፅዋት ወይም እንስሳት ከሆነ ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ገምጋሚ የማግኘት ዕድልዎ እዚያ ሳይሰፋ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ገምጋሚዎች ይከፈላቸዋል? ስማቸውስ ለምን ይደበቃል?
በቤተ ሙከራ የምትሠራ አንባቢ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ

መልስ፦ በአብዛኛው አይከፈላቸውም። እንደ «ኔቸር» ያለ ጆርናል አንድን ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለማተም ከ10,000 ዶላር በላይ እያስከፈለ፣ ገምጋሚው በምሽትና በእረፍት ቀን በነጻ መሥራቱ ብዙዎችን ቅር ቢያሰኝ አያስደንቅም። ስም የሚደበቀው ወጣት ተመራማሪ የታላቁን ፕሮፌሰር ሥራ ያለ ፍርሃት እንዲተች ነው። በተቃራኒው የተፎካካሪውን ሥራ ለማዘግየት የሚሻም በዚያው ጥላ ሥር ይጠለላል። ሁለቱንም መከላከል የሚቻለው ስሙን ትቶ አስተያየቱን ይፋ በማድረግ ይመስለኛል፤ «ኤምቦ ጆርናል» ከ2009 ጀምሮ ይህን እያደረገ ሲሆን፣ «ኔቸር» ደግሞ በጁን 2025 ለሚያትማቸው አዳዲስ የምርምር ጽሑፎች ሁሉ ደንብ አድርጎታል።

ከሁሉም ርቆ የሄደው በ2012 የተመሠረተው «ኢላይፍ» የተባለው ጆርናል ነው። ከ2023 ጀምሮ አርታኢዎቹ ለግምገማ ያሳለፉትን ጽሑፍ ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር አብሮ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ተቀባይነት አግኝቷል ወይም ወድቋል የሚል ውሳኔ አይሰጥም። በምትኩ ማስረጃው «አሳማኝ» ወይም «ያልተሟላ» እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ምዘና ከላይ ያስቀምጣል። አካሄዱን የወደዱት ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም የጆርናሎችን የተጽዕኖ መለኪያ፣ ማለትም ጽሑፎቻቸው በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ የሚያወጣው ክላሪቬት ኩባንያ በዚህ ምክንያት ለ«ኢላይፍ» መለኪያውን መስጠት አቁሟል። ለደረጃ ዕድገት ያ ቁጥር በሚጠየቅበት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ ጽሑፉን ወደዚያ ከመላኩ በፊት ደጋግሞ ማሰቡ አይቀርም።