ጠይቁን፦ ከ‹ሴሳሚ ስትሪት› በስተጀርባ የነበሩት ሴት ፕሮዲዩሰር

ባለፈው እትማችን ስለ ልጆች ቴሌቪዥን አጀማመር ስንጽፍ የአሜሪካዊቷን ፕሮዲዩሰር የጆአን ጋንዝ ኩኒን ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ኩኒ ‹ሴሳሚ ስትሪት›ን፣ ማለትም ሰዎችና አሻንጉሊቶች አብረው በሚኖሩበት አንድ ጎዳና ላይ የሚካሄደውን የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ያስጀመሩ ናቸው። አንባቢዎቻችን ግን አላለፉትም። ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እዚህ መልሰናል፤ ለሥራ የሚጠቅሙት ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ወስደናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ኩኒ የልጆች ፕሮግራም ከመጀመራቸው በፊት ምን ይሠሩ ነበር? መምህርት ነበሩ ወይስ የፊልም ባለሙያ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱንም አልነበሩም። በ1929 አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ ተወለዱ፤ በ1951 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ቢመረቁም መምህርነቱን ሥራዬ ብለው አልያዙትም። በትውልድ ከተማቸው ጋዜጣ ላይ ሪፖርተር ሆኑ። በ1953 ኒው ዮርክ ገብተው መጀመሪያ በኤንቢሲ የቴሌቪዥን ድርጅት፣ ቀጥሎም ‹ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል አወር› ለተባለ የቴሌቪዥን ድራማ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ሠሩ። በ1962 ቻናል 13 የተባለው ትምህርታዊ ጣቢያ በኒው ዮርክ ሥርጭት ሲጀምር ግን በሕዝብ ግንኙነት መቀጠሉን አልፈለጉም፤ ፕሮዲዩሰር ልሁን ብለው ደመወዛቸው ቀንሶ ገቡ። እዚያ የሠሩት የክርክር መድረክና ዘጋቢ ፊልም ነው። አንደኛው ዘጋቢ ፊልም በኒው ዮርኩ የሃርለም ሰፈር ለድሃ ልጆች ስለሚሰጥ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ነበር። ሌላው ስለ ድህነትና ድህነትን ለመዋጋት ስለተጀመረው ዘመቻ ሲሆን የኒው ዮርክን ኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ብዙ ጸሐፊዎች የሕዝብ ግንኙነት ዓመታቱን እንደ ባከነ ጊዜ ይዘልሏቸዋል። እኛ አንስማማም። ስፖንሰር ምን ሲሰማ ኪሱን እንደሚከፍት፣ ጋዜጣ የትኛውን ዜና ከፊት ገጽ እንደሚያወጣ የተማሩት እዚያ ነው። ይህ ዕውቀት ባይኖራቸው ቀጥሎ የምንነግርዎት ገንዘብ አይገኝም ነበር።

ጥያቄ፦ 8 ሚሊዮን ዶላር ለልጆች ፕሮግራም! በዚያ ዘመን ይህን ያህል ገንዘብ እንዴት ተገኘ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነገሩ የተጀመረው በ1966 መጀመሪያ ኩኒ ቤታቸው ባዘጋጁት እራት ላይ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ትምህርትን በገንዘብ የሚደግፈው የበጎ አድራጎት ድርጅት የካርኔጊ ኮርፖሬሽን ኃላፊ ሎይድ ሞሪሴት ነበሩ፤ ትንሿ ልጃቸው በማለዳ ተነስታ ሥርጭት ያልጀመረ የቴሌቪዥን መስኮት ላይ አፍጥጣ ስትቀመጥ ያዩ አባት ናቸው። ቴሌቪዥን ሕፃናትን ማስተማር ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ኩኒ በካርኔጊ ወጪ አገሪቱን ዞረው የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎችን፣ መምህራንንና የቴሌቪዥን ሰዎችን አነጋገሩ፤ 55 ገጽ ሪፖርትም ጻፉ። ፕሮግራሙን ለማስጀመር ከተገኘው 8 ሚሊዮን ዶላር ግማሽ ያህሉን የፌዴራል መንግሥቱ፣ ቀሪውን ካርኔጊ፣ ፎርድ ፋውንዴሽንና ሌሎች ሰጡ።

ገንዘብ ለሚፈልጉ አንድ ነገር እንጠቁም። ሪፖርቱ ቅድሚያ የሰጠው ለክፍተቱ ነው፤ ድሃ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ይገባሉ፣ ቴሌቪዥን ግን በእነሱም ቤት አለ። የፕሮግራሙ ስም በሪፖርቱ ውስጥ የለም፤ የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥርጭቱ ሲቃረብ ነው። እኛ ዘንድ የሚመጡ የድጋፍ ማመልከቻዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስምና አርማ ይዘው፣ ክፍተቱን ግን ሳያሳዩ ነው የሚመጡት።

ጥያቄ፦ ሪፖርቱን የጻፉት፣ ሐሳቡን ያፈለቁት እሳቸው ከሆኑ መሪነቱን ሊነፈጉ ነበር የሚባለው እውነት ነው? (አንዲት ፕሮዲዩሰር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹ ወንድ መሪ ፍለጋ ላይ ነበሩ። በይፋ የተነሳው ምክንያት ትልቅ ድርጅትም ትልቅ በጀትም መርተው አያውቁም የሚል ነበር። ሴት የምትመራውን ነገር ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም የሚል ሥጋትም አብሮ ይነገር ነበር። ኩኒ ምክትል ሆኜ አልሠራም አሉ፤ ሞሪሴትም ከጎናቸው ቆሙ። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ የልጆች ቴሌቪዥን ወርክሾፕ፣ በመጋቢት 1968 ሲታወጅ ዋና ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 1990 መሩት።

ከሹመቱ በኋላ ያደረጉት ይበልጥ ይገርማል። የልጆች ፕሮግራም አዘጋጅተው አያውቁምና ልምዱ ያለውን ዴቪድ ኮኔልን ዋና ፕሮዲዩሰር አድርገው ቀጠሩ። ለምርምሩ ኤድዋርድ ፓልመርን፣ ለአማካሪዎቹ ሰብሳቢነት የሃርቫርዱን ጄራልድ ሌሰርን አመጡ። በ1968 በጋ ሌሰር አምስት ዐውደ ጥናቶች መሩ፤ እያንዳንዱ ሦስት ቀን የፈጀ ነበር። ጸሐፊዎቹ፣ አሻንጉሊት ሠሪዎቹና የሥነ ልቦና ሰዎቹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከዚያ የወጣውን የትምህርት ግብ ጸሐፊው ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ በመመሪያ ደብተር ጠረዙለት። በተለመደው አሠራር ተመራማሪ የሚጠራው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ስህተት ቢያገኝ ማን ይሰማዋል? ገንዘቡ አልቋል።

ጥያቄ፦ ለልጆች የአማርኛ ቪዲዮ እየሠራሁ ዩቱብ ላይ እጭናለሁ። ልጆቹ የቱ ቦታ ላይ እንደሚሰለቹ ግን አላውቅም። እነ ኩኒ ይህን በምን ያውቁ ነበር? እኔስ ቤቴ ልሞክረው እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ የሚጠይቀው ሁለት ስክሪን፣ አንድ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ዘዴው የፓልመር ነው። ሕፃኑ ፕሮግራሙን በሚያሳየው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ከጎን በኩል 45 ዲግሪ ያህል ዞር ብሎ ሌላ ስክሪን አለ፤ እዚያ ላይ ከፕሮግራሙ ጋር የማይገናኙ ፎቶግራፎች በየ7 ሰከንድ ተኩሉ ይቀያየራሉ። መዝጋቢው ሰው ዓይኑን ከሕፃኑ ዓይን ሳያነሳ የትኛውን እያየ እንደሆነ ይመዘግባል።

ቤት ሲሠሩት ላፕቶፑ ላይ ቪዲዮውን፣ ታብሌቱ ላይ ፎቶዎቹን ይክፈቱ። ፎቶዎቹ ድምፅ አይኑራቸው፤ ዛፍ፣ መኪና፣ ገበያ፣ ወንዝ ይበቃል። የካርቱን ሥዕል አይጨምሩ፤ ውጤቱ ያለ አግባብ ይወርድብዎታል። ፎቶ በተቀየረ ቁጥር ወረቀትዎ ላይ ሕፃኑ ቪዲዮውን እያየ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ይጻፉ። ስምንት ምልክት አንድ ደቂቃ ነው፤ 20 ደቂቃ ቪዲዮ 160 ምልክት ይሰጥዎታል። ልጆቹን አንድ በአንድ ያስቀምጡ፤ ሁለቱን አብረው ካስቀመጡ አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዞራል። ስምንት ወይም አሥር ልጆች ከፈተሹ በኋላ የየልጁን 1 በየረድፉ ደምረው ከስክሪፕቱ ጎን ይጻፉት። ቁጥሩ ዘጭ ያለበት ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ስክሪፕቱ ይነግርዎታል። በእነሱ ሙከራ ደጋግሞ የወደቀው ሁለት አዋቂዎች ቆመው የሚነጋገሩበት ትዕይንት ነበር።

የሚበላሸው የት ነው? ከሁሉ በፊት እናት አጠገብ ስትቀመጥ። «ያውልህ፣ ተመልከት!» ማለቷ አይቀርም፤ እሷን ሌላ ክፍል ሻይ ይጋብዟት። የራስዎን ልጆች አይፈትሹ፤ ድምፅዎን ስለሚያውቁ ብቻ ያያሉ። ከምሳ በኋላም አይሞክሩ፤ እንቅልፍ ከመሰልቸት አይለይም። ዋናው ነገር ደግሞ ማየት መማር አለመሆኑ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ጥናት መጫወቻ በሞላበት ክፍል የተቀመጡ ልጆች ፕሮግራሙን ያዩት ከሰዓቱ 47 በመቶውን፣ መጫወቻ የሌላቸው ደግሞ 87 በመቶውን ነበር፤ ሲጠየቁ ግን ሁለቱም እኩል ነበር የገባቸው። ስለዚህ ከቪዲዮው በፊትና በኋላ አሥር የፊደል ካርድ አሳይተው ስንቱን እንደሚያውቅ ይመዝግቡ። ሁለቱ ወረቀቶች ካልተስማሙ የካርዱን ይመኑ።

ጥያቄ፦ አሻንጉሊቶቹና ሰዎቹ መጀመሪያ ላይ አብረው አይታዩም ነበር ይባላል። ለምን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሥነ ልቦና አማካሪዎቹ ሕፃን ልጅ እውነትና ምናብ ሲደባለቅበት ግራ ይጋባል ብለው ስለመከሩ ነው። በዚህ መሠረት አምስት የአንድ አንድ ሰዓት የሙከራ ክፍሎች ተቀረጹ፤ ጎዳናው ላይ ሰዎች ብቻ፣ አሻንጉሊቶቹ ለብቻቸው። በሐምሌ 1969 ፊላደልፊያ ውስጥ ለልጆች ሲታዩ አሻንጉሊት ሲመጣ ዓይን ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጎዳናው ሲመጣ ይበተናል። ጎዳናው ደግሞ የፕሮግራሙ ምሰሶ ነው። ሥርጭቱ ሊጀመር አራት ወር ቀርቶት ነበር። የባለሙያውን ምክር ወደ ጎን ትተው አሻንጉሊት ሠሪው ጂም ሄንሰን ጎዳናው ላይ ከሰው ጋር የሚኖሩ ሁለት ፍጡራን እንዲሠሩ አደረጉ፦ ከሰው በላይ የገዘፈው ቢጫ ወፍ ቢግ በርድና ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የሚኖረው ነጭናጫው ኦስካር። ተቀርጾ ያለቀ አንድ ተከታታይ የመርማሪ ታሪክም ልጆቹ ስላልወደዱት ተጣለ። ኅዳር 10 ቀን 1969 የመጀመሪያው ክፍል ተላለፈ፤ በመጀመሪያው ዙር 130 ሰዓት ሠርተዋል፣ ማለትም ከሰኞ እስከ ዓርብ ለ26 ሳምንት።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ በእርግጥ የድሃውን ልጅ ጠቀመ? ወይስ የሀብታሙን ልጅ የበለጠ አራቀው? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጊዜውም ተነስቷል። ከወርክሾፑ ውጭ ያለ የፈተና ድርጅት የመጀመሪያውን ዙር መዝኖ አብዝተው ያዩ ልጆች አብዝተው እንደተማሩ አገኘ፤ ይህ በድሃ ልጆችም ላይ ታይቷል። በ1975 መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሰዎች ግን የውጤቱ ከፊል ወላጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ «አሳዩአቸው» ከማለት የመጣ ነው አሉ፤ ያለ ግፊት ሲታይ ጥቅሙ ያነሰ ነበር፣ የኑሮ ደረጃቸው ከፍ ያለ ቤተሰቦችም የበለጠ ያዩ ነበር። የእኛ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ነው። ኩኒም ፕሮግራሙ ብቻውን እንደማይበቃ የገባቸው ይመስላል፤ ኤቭሊን ዴቪስ በሚመሩት ክፍል አማካይነት በድሃ ሰፈሮች የመመልከቻ ጣቢያዎች እንዲከፈቱ አድርገዋል። ብዙዎቹ ትምህርታዊ ጣቢያዎች ተራ አንቴና በደንብ በማይስበው፣ ዩኤችኤፍ በሚባለው የሥርጭት ሞገድ ላይ ስለነበሩ ይህ የግድ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ እንዲህ የሠራ አለ? ፊደል በቪዲዮ ለማስተማርስ ከእነሱ ምን እንውሰድ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁመው ‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›ን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቅርበዋል። የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች፤ ሥራው የተጀመረውም በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነው። ገንዘብ የለንም ለሚሉ ምሳሌ ትሆናለች።

ፊደሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ይውሰዱ። አንደኛ፣ ልጅ የሚያየው የሚንቀሳቀሰውን ነው። የዓይን እንቅስቃሴን የለካ ጥናት እንዳሳየው አሻንጉሊቱ እየተወራጨ ቃሉ ከታች ዝም ብሎ ከተቀመጠ ልጁ ቃሉን አያነበውም። ፊደሉ ሲወጣ አሻንጉሊቱ ይቁም፤ ፊደሉ መሐል ይሁን፣ እሱ ይንቀሳቀስ። በአንድ ክፍል ሰባቱን የ‹በ› ዘሮች አይደርድሩ። በን፣ ቡን እና ቢን ብቻ ይያዙ፤ በ ተሠርቶ ይቁም፣ ቀጥሎ ጭረቷ ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ስትለጠፍ ቡ፣ ወደ ታች ተንሸራታ እግሩ ሥር ስታርፍ ቢ ይሁን። ልጁ ልዩነቱን የሚይዘው የጭረቷን ጉዞ ሲከተል ነው።

ሁለተኛ፣ ዝምታ ይተዉ። በ1969 ተዋናዩ ጄምስ ኧርል ጆንስ የእንግሊዝኛን ፊደል እያንዳንዱን ከመጥራታቸው በፊት ረዘም አድርገው እየቆሙ ሲጠሩ ተቀርጸው ነበር። ፊደሉ ድምፁን ቀድሞ ይታያል። ልጆቹ መጀመሪያ ሲያዩት ከእሳቸው በኋላ ይደግማሉ። ሲደጋገምላቸው ፊደሉ ብቅ እንዳለ ቀድመዋቸው ይጠራሉ፤ ሲቆይ ደግሞ ፊደሉ ገና ሳይወጣ ቀጣዩን ይናገራሉ። ስለዚህ ቡ ከወጣ በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል ምንም ድምፅ አይግባ፣ ሙዚቃም ቢሆን፤ ያንኑ ቁራጭ ሳይቀይሩ በአንዱ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሰው ያስገቡት። ኤዲት የሚያደርግልዎት ሰው ክፍተቱን ስህተት መስሎት ሊቆርጠው ስለሚችል አስቀድመው ስክሪፕቱ ላይ ይጻፉለት።